የካርዳን መከላከያ ቀለበት የት ይታሰር? ከኮምቦልቻ የተነሳ ጥያቄና 24 ምላሾቹ

ጥያቄው በውይይት ገጽ ላይ የተለጠፈው ከኮምቦልቻ ነው። መኪናዋ በፈረንጆቹ 1983 የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ ቶዮታ ሴሊካ ናት። የፋብሪካ ሞተሯ ወጥቶ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ 1ጄዜድ፣ ከነአምስት ማርሽ አር154 ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ገብቶላታል። ካርዳኑ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ጉልበት የሚያስተላልፈው ቱቦ፣ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ አንድ ወጥ ተደርጓል፤ ከክሮቼራ እስከ ክሮቼራ (በየጫፉ ካለው የመስቀል መጋጠሚያ እስከ ሌላው) 1.30 ሜትር፣ የቱቦው የውጭ ዲያሜትር 76 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4.1፣ ጎማው 205/60 አር14 ነው። ባለቤቱ ዝግ ቦታ ላይ በሚደረግ የአጭር ርቀት ውድድር ሊያሰልፋት ነው፤ ካርዳኗ ሲሰበር የሚይዘው መከላከያ ቀለበት ካልተደረገለት ግን እንደማትገባ ተነግሮታል። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ቀለበቱ ከምን ይሠራ? የት ጋ ይታሰር? በያጁ እንዳለው ወለሉ ላሜራ ላይ ቢበየድ ይበቃል?

ሦስተኛዋ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የተጣለች ትመስላለች። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ግን እሷ ናት፤ መላሾቹም እዚያ ለመድረስ አሥራ ሁለት ምላሽ ፈጅቶባቸዋል።

ምላሽ 1 አብሽር ብሎ ጀምሮ ቀለበቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በትዕግሥት አስረዳ። የፊተኛው ክሮቼራ ሲሰበር ካርዳኑ በኋላው በኩል እንደተያዘ የፊት ጫፉ ይወድቃል። ጫፉ አስፋልት ላይ ሲተከል መኪናው ወደፊት መሄዱን አያቆምም፤ በምርኩዝ እንደሚዘል ሰው ካርዳኑን ተደግፎ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳል። መሬት ባይነካ እንኳ እየተሽከረከረ የወለሉን ላሜራ ይቀጠቅጣል፤ ከላዩ ያለው ሾፌር፣ ከጎኑ ያለው የፍሬንና የቤንዚን መስመር ነው። ከዚያም የአሜሪካውን የድራግ ውድድር ማኅበር የኤንኤችአርኤን ደንብ ጠቀሰ፦ 402 ሜትሩን በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚጨርስ መኪና ቀለበት ይኑረው፤ ቀለበቱ 6 በ50 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ይሁን፣ ካርዳኑን ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ይክበበው፣ ከፊተኛው ክሮቼራ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ።

ምላሽ 2 አመስግኖ ሁለት ነገር አረመ። አንደኛ፣ 13.99 የሚለው ስሊክ (ጥርስ የሌለው የውድድር) ጎማ ላደረጉ ነው፤ በተራ የመንገድ ጎማ የሚሮጥ መኪና 11.49 ወይም ከዚያ የዘገየ ሰዓት ካለው ደንቡ አያስገድደውም። ሁለተኛው እርማት ይበልጥ የሚጠቅም ነው። የደንቡ መለኪያ ኢንች ነው፦ ሩብ ኢንች ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ኢንች ስፋት 50.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እኛ ጋ ብረት መሸጫ የሚገኘው ባለ 6 በ50 ጠፍጣፋ ብረት በሁለቱም በኩል ከደንቡ ያንሳል፤ መርማሪው ካሊፐር ይዞ ቢመጣ ይጥለዋል። ስለዚህ ባለ 8 በ60 ይገዛ አለ። ጠፍጣፋ ብረት የማይፈልግ ሰው 22.2 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትርና 1.65 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው የብረት ቱቦ አጉብጦ በብየዳ ቢገጥም ደንቡ ይቀበለዋል።

ምላሽ 3 ከደሴ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል ወደ 1,850 ሜትር ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ መኪናው ጉልበት ስለሚያጣ ያንን ሰዓት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ቀለበቱ የገንዘብ ብክነት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ደሴ ላይ ቢሆንማ ከዚህም ይብሳል ብሎ ጨመረ።

ምላሽ 4 መረር ብሎ ነው የመጣው፤ ልክም ነበር። የአየሩ ጥግግት ኮምቦልቻ ላይ ከባሕር ጠለሉ ወደ 17 በመቶ ማነሱ እውነት ነው። ይህ ግን በቀጥታ የሚጎዳው ቱርቦ የሌለውን ሞተር ነው፤ ቱርቦ ያጣውን አየር አብዛኛውን ጨምቆ ይመልሰዋል። ከዚያም በላይ ክሮቼራ የሚሰብረው የሰዓቱ ቁጥር ሳይሆን ሲነሳ የሚመጣው ጥምዘዛ ነው። ይህ ሞተር 363 ኒውተን ሜትር ያወጣል፤ በአንደኛ ማርሽ 3.25 ሲባዛ ካርዳኑ ላይ የሚደርሰው ወደ 1,180 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ በእርጋታ ሲነዳ ነው። በ5,000 ዙር ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ዲስክ፣ ቮላኖው፣ የያዘው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይጨመርበታል፤ ጎማው ቢንሸራተት ጥቂቱን ያስተነፍሰዋል፣ ጎማው ከያዘ ግን ሁሉም ክሮቼራው ላይ ያርፋል። ለሰዓት ብለህ ሳይሆን ለእግርህ ብለህ እሰረው ማለቱ ነበር።

በምላሽ 5 እና 6 ክርክሩ ወደ ቃል ዞረ። አንዱ ጠያቂው ካርዳን ያለውን ጋራዡ ሁሉ ትራስሚሽን ስለሚለው እንዳይምታታ አሳሰበ። ሌላው ደግሞ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ትራንስሚሽን ማለት ካምቢዮው ስለሆነ ዕቃ ከውጭ የሚያዝ ሰው በዚህ ቃል ካዘዘ ያልፈለገውን ይልኩለታል አለ። ተስማምተው ካርዳን በሚለው ቀጠሉ፤ እኔም እዚህ እሱኑ ይዣለሁ።

ምላሽ 7 አሠራሩን በልክ ሰጠ። ቀለበቱ በሁለት ግማሽ ይሠራል፤ አንድ ወጥ ከሆነ ካርዳኑን ለማውረድ ቀለበቱን መቁረጥ ግድ ይሆናል። ለ76 ሚሊ ሜትር ካርዳን የውስጡ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ዙሪያውን 27 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ በ8 ሚሊ ሜትር ብረት የጉብጠቱ መሃል ዲያሜትር 138 ይሆናል፣ ዙሪያው 434፣ ግማሹ 217 ሚሊ ሜትር። በየጫፉ ቡሎን የሚገባበት 50 ሚሊ ሜትር ጆሮ ሲጨመር ለአንዱ ግማሽ 317፣ ለሁለቱ 634 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ አንድ ሜትር ተገዝቶ ይተርፋል። ብረቱ በዚህ ውፍረት ሞርሳ ላይ በመዶሻ በብርድ አይጎብጥም፣ እስኪቀላ ይሞቅ፤ ከጎበጠ በኋላ ውሃ ውስጥ ሳይነከር በአየር ይቀዝቅዝ። ጆሮዎቹ በግራና በቀኝ ይዋሉ፤ በየጆሮው መሃል ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር ራሱ ላይ የተመታበት፣ አንዳንድ ይግባ።

ምላሽ 8 ይህን ሁሉ ድካም ያስቀረ ነው፤ ከውይይቱ ውስጥ ለኪስም ለጊዜም በጣም የተመቸው ምክር ይህ ይመስለኛል። ባለ 5 ኢንች፣ ስኬጁል 40 በሚባለው የግድግዳ ውፍረት ደረጃ የተሠራ የብረት ቱቦ የውጭ ዲያሜትሩ 141.3፣ ግድግዳው 6.55 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የውስጡ ስፋት ወደ 128 ይመጣል። ግድግዳው ከሩብ ኢንች ይበልጣል፣ ክፍተቱም 26 ሚሊ ሜትር ሆኖ በልኩ ነው። ከዚህ ቱቦ ቁራጭ ከብረት ነጋዴ ወይም የውሃ መስመር ከሚዘረጉ ሰዎች ይፈለግ፤ 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቀለበት ይቆረጥለት፤ ከዚያ ለሁለት ይሰንጠቅና ጆሮዎች ይበየዱበት። አንዱ ስንጥቅ ቱቦው ሲሠራ በተበየደበት መስመር ላይ ይዋል፤ ያኔ የድሮው ብየዳ ጭነት በሚያርፍበት ቦታ አይቀርም። ግድግዳው የሳሳውን የውሃ ቱቦ ላለመግዛት ግን ሳይለኩ አይክፈሉ ብሎ አስጠነቀቀ።

ምላሽ 9 ገንዘብ ለመቆጠብ ባለ 12 ፌሮ ተጠምዝዞ ቢበየድ፣ ወይም ወፍራም ሰንሰለት ቢንጠለጠል ምን አለበት ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 10 ላይ የመለሰችው ብየዳ የምታውቅ መሆኗ በግልጽ ይታያል። ፌሮ ክብ ስለሆነ ካርዳኑን የሚነካው በቀጭን መስመር ነው፤ በሺዎች ዙር የሚሽከረከር ቱቦ በዚያ መስመር ላይ ሲፋተግ እንደ መጋዝ ይበላዋል፣ ቱቦው ራሱ ይቆረጣል። አንዳንዱ ፌሮ ደግሞ ብየዳው አጠገብ ይደርቅና ሲመታ ይሰነጠቃል። ሰንሰለቱ ከዚህም የከፋ ነው፤ ልል ስለሆነ ካርዳኑ ላይ ይጠመጠማል፤ ከተጠመጠመ በኋላ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ጎትቶ ይነቅላል። አነጋገሯ ሸካራ ነበር፤ የጻፈችው ግን አንዱም አይነቀስም።

ምላሽ 11 ቀለበቱ ካርዳኑ መሃል ላይ ቢሆን ሁለቱንም ጫፍ ይጠብቃል የሚል ነው። ሲሰሙት ያሳምናል። ምላሽ 12 ግን በቀላል ሂሳብ አፈረሰው። የፊቱ ክሮቼራ ሲሰበር ካርዳኑ የሚንጠለጠለው በኋላው ክሮቼራ ስለሆነ ቀለበቱ ወደ ኋላው ክሮቼራ በቀረበ ቁጥር የፊት ጫፉ ይበልጥ ይወርዳል። ክፍተቱ 26 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀለበቱ ከፊት 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለ ጫፉ የሚወርደው 29 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መሃል ላይ ካለ 52 ይወርዳል። ከኋላው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 113 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያ ዝቅ ለተደረገ መኪና መሬት ማለት ነው። መሃል ላይ ሲሆን መሬት ባይነካም እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር የመወዛወዣ ቦታ ናት። በ5,600 ዙር የቱቦው ቆዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ የተፈታው ጫፍ ከመሃሉ 10 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ከተወዛወዘ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ቀለበቱን ቀረብ፣ ክፍተቱን ጠበብ ማድረግ ለዚህ ነው። ደግሞም ቀለበቱ የቱቦው ለስላሳ ክፍል ላይ እንጂ ክሮቼራውን የሚይዘው ሹካ ላይ አይዋል፤ ሹካው ከቱቦው ስለሚሰፋ በደህናው ቀንም ይነካል።

ምላሽ 13 በመጨረሻ የላሜራውን ጥያቄ አነሳ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል።

የዚች መኪና ወለል ቻሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ቻሲ ነው። የወለሉ ላሜራ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ዕድሜውም አርባ ዓመት አልፎታል። አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር 8.8 ቡሎን ለዘለቄታው ሳይለጠጥ ወደ 5 ቶን ይይዛል፤ ቀለበቱም ከዚያ አያንስም። ላሜራው ግን በብየዳው ጠርዝ ላይ ብየዳው ሲሞቅ የሳሳ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ምት ሲያርፍበት በጆሮው ዙሪያ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይቀደዳል። ያኔ ቀለበቱ ራሱ ከካርዳኑ ጋር ይዞር ጀምሮ ለአደጋው አንድ ተጨማሪ ብረት ይሆናል። ቀለበቱ የሚችለው የታሰረበት ነገር የሚችለውን ያህል ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ሁለት ጊዜ ደግሞ ጽፎታል፣ ደግ አደረገ።

መፍትሔውንም ሰጠ። 40 በ40 በ3 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን ቱቦ) አግዳሚ ሆኖ ካርዳኑ ከሚያልፍበት የወለሉ ዋሻ በግራና በቀኝ ወለሉ ሥር በቁመት የሚሄዱትን ሁለት ማጠናከሪያዎች ያገናኝ። የቀለበቱ የላይኛው ግማሽ ከዚህ አግዳሚ ጋር ይበየድ፣ የታችኛው ግማሽ በጆሮዎቹ ይታሰር። አግዳሚው በየጫፉ በሁለት በሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር 8.8 ቡሎን ይያዝ። ከወለሉ በላይ፣ ምንጣፉ ሥር፣ 75 በ100 በ3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት እንደ ትልቅ ራንዴላ ይቀመጥ፤ ማዕዘኖቹ ይሞረዱ፣ ሹል ማዕዘን ላሜራ ይቀድዳል። ቡሎኑ በቱቦላሬው ሆድ ሲያልፍ ውስጡ የቱቦ ቁራጭ ይግባበት፤ አለዚያ ዳዶው ሲጠብቅ ቱቦላሬው ይጨፈለቃል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ቡሎኑ ይላላል። ባለ 10ሩ ወደ 45፣ ባለ 12ቱ ወደ 80 ኒውተን ሜትር ይጠበቅ። ዳዶው ፕላስቲክ ያለበት ዓይነት አይሁን፤ ማርሚታው አጠገብ ስለሚያልፍ ፕላስቲኩ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መያዙን ይተዋል። ሙሉ በሙሉ ከብረት የሆነ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይገኛል።

ምላሽ 14 የጠያቂው ነው። አመሰገነ፤ የቱቦውን መንገድ እንደመረጠ፣ በያጁንም አግዳሚውን ለመሥራት እንዳግባባው ገለጸ።

ምላሽ 15 ብየዳ ከመጀመሩ በፊት መደረግ ያለበትን አስታወሰ፤ አጭር ቢሆንም የሚታለፍ አይደለም። ባትሪው ይፈታ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ከሶኬቱ ይነቀል፤ የብየዳው ማሳ፣ ማለትም የመመለሻ ገመዱ መቆንጠጫ፣ ከሚበየደው ብረት አጠገብ ይያዝ። ወንበሩ፣ ምንጣፉና ሥሩ ያለው ሬንጅ መሰል ድምፅ ማፈኛ ይነሳ፤ ከታች ሲበየድ ከላይ የሚጀምረው እሳት ከመኪናው ሥር ላለው ሰው አይታየውም። የቤንዚኑ መስመር በዋሻው ጎን ስለሚሄድ ወይ ይፈታ ወይ አግዳሚው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይበየድ፤ ሁለተኛው ይሻላል። 7018 ኤሌክትሮድ የሚጠቀም ከሆነ እርጥበት ያልነካው ይሁን፤ የደሴ ጉም ውስጥ ተከፍቶ የከረመ ፓኬት ብየዳውን በውስጡ ቀዳዳ ያደርገዋል። ሲያልቅ ጥሬው ብረት ፀረ ዝገት ይቀባ።

ምላሽ 16 ውይይቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው፤ ቃላቱም ስለት ነበራቸው። ሁሉም ካርዳኑ ከተሰበረ በኋላ ስለሚሆነው ሲያወራ አንድም ሰው ካርዳኑ ለምን እንደሚሰበር አልጠየቀም አለ። ፋብሪካዎች ረጅም ካርዳን መሃሉ ላይ በኩሽኔታ ከፍለው የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኛውም ቱቦ በሆነ የዙር ፍጥነት ላይ እንደ ገመድ መጎበጥና መወዛወዝ ይጀምራል። ለዚህ ካርዳን ያ ፍጥነት ወደ 7,400 ዙር በደቂቃ ይመጣል፤ በሥራ ላይ ከሦስት አራተኛው፣ ማለትም ከ5,600 ገደማ፣ አለማለፍ ይገባል። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ 7,000 ሲዞር ካርዳኑ 5,340 ይዞራል፤ ፍጥነቱ በዚህ ዲፈረንሻልና ጎማ ወደ 147 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደህና ነው። አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ስለሆነ ካርዳኑ ከሞተሩ እኩል ይዞራል፤ 155 ኪሎ ሜትር ላይ ድንበሩን ይነካል። በአምስተኛ ሞተሩን 7,000 ማድረስ ካርዳኑን ከ9,000 በላይ ማዞር ነው፤ ያንን ምንም ቀለበት አይመልሰውም።

ምላሽ 17 እንግዲያው ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቱቦ ይደረግበት አለ። ምላሽ 18 አይጠቅምም ብሎ ምክንያቱን ሰጠ፦ ግድግዳው ሲወፍር ጥንካሬውም ክብደቱም አብረው ስለሚጨምሩ የመወዛወዣው ፍጥነት ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። የሚያንቀሳቅሱት ዲያሜትሩና ርዝመቱ ናቸው፤ ርዝመቱ ደግሞ በካሬው ነው። ይኸው ቱቦ 1.50 ሜትር ቢሆን ኖሮ የመወዛወዣው ፍጥነት ራሱ ከ7,400 ወደ 5,600 ይወርድ ነበር። ወደ 90 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር መሄድ ዋሻው ከበቃ ጥሩ ነው፤ ቀለበቱ ግን አብሮ መስፋት አለበት።

ምላሽ 19 ከብዙ ቃል ይልቅ እጅ የሚፈልገውን ነገረ። ካርዳኑ ሲወርድ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር መሆናቸው ይታይ፤ ቶርኖ ቤት ቆርጦ ሲበይድ ጥቂት ዲግሪ ካጣመመው መኪናው በየፍጥነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውንም ይበላዋል። በክሮቼራው ቆብ ዙሪያ ቡናማ፣ በርበሬ የመሰለ ዱቄት ከታየ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን መርፌ ሮለሮች ደርቀዋል ማለት ነው፤ ግራሶ መጨመር አያድናቸውም፣ ይቀየር። ለውድድር የግራሶ ቀዳዳ የሌለው ክሮቼራ ይመረጣል፤ ቀዳዳው የመስቀሉን መሃል ያሳሳዋል። የግድ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቀዳዳው መኪናው ሲነሳ በሚጨመቀው ጎን ይግባ እንጂ በሚለጠጠው ጎን አይሁን። ካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተተው ሹካም መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ከመጨረሻው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅረው፤ መኪናዋ ዝቅ ተደርጋ ከሆነ ይህ ክፍተት ተበልቶ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይገፋል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሐረጎ ወረደ። ምላሽ 20 ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ የጭነት አይሱዙ ካርዳን ቢወድቅ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ራሱም መለሰ፦ ኤንፒአር በሚባለው አይሱዙ ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን ከበሮ ነው። ካርዳኑ ከተበጠሰ ያ ከበሮ ከጎማው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሞተሩም በማርሽ መያዙን ያቆማል። በአንድ ምት ሁለት መያዣ ይጠፋል፣ የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፤ የወደቀው ካርዳን የፍሬኑን መስመር ከመታው ደግሞ እሱም ያሰጋል። ለነገሩ ቀለበት ለሴሊካ ብቻ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም።

ምላሽ 21 ይህን ደግፎ በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መንገደኛ የሚቀመጥበት ወለል ሥር በቁመት የሚያልፍ የአውቶቡስ ካርዳን፣ ተንሸራታች ጥርስ ባለው ጫፉ በኩል መከላከያ እንዲደረግለት የሚያዝ መሆኑን ጻፈ። ተመሳሳይ ቅንፍ ያላቸው አውቶቡሶች እኛም ጋ ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜ ካርዳን ሲወርድ ይፈታና ሳይመለስ ይቀራል። ከጋራዡ ማዕዘን ተቀምጦ ያየ ሰው መልሶ ይሰር ብሎ ለመነ።

ምላሽ 22 ተቆጣ። ጥያቄው የውድድር መኪና ሆኖ ሳለ ከሐረጎ ቁልቁለት ምን አመጣችሁ አለ፤ አያይዞም ማንም ይህን አንብቦ በባቲ መንገድ ላይ ሌሊት ሊሞክር እንዳይነሳ ጠንከር አድርጎ አሳሰበ። ያ መንገድ የጅቡቲ ጭነት የሚተላለፍበት፣ ከብትና ግመል የሚያቋርጠው ነው፤ ቀለበት መኪናውን ከካርዳኑ ይጠብቃል እንጂ መንገደኛውን ከመኪናው አይጠብቅም። ቁጣው ስለ ሐረጎ ልክ አልነበረም፤ ስለ ባቲ መንገድ ግን አንድም ቃል አይቀነስበትም።

ምላሽ 23 ላይ ጠያቂው ሥራው ማለቁን ገለጸ። መኪናዋን በአራት ማቆሚያ አንስቶ፣ የኋላ አክስሉን በክሪክ እስከ ላይ ገፍቶ፣ ከዚያም እስከ ታች አንጠልጥሎ ክፍተቱን ለካ። ከላይና ከታች ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ቀለበቱ ከፊቱ ክሮቼራ 14 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ። በጎን ግን በቀኝ 30፣ በግራ 22 ሚሊ ሜትር ሆነበት። የአግዳሚውን የቡሎን ቀዳዳ በትራፓኖ አስፍቶ 4 ሚሊ ሜትር ሊገፋው አስቦ ምክር ጠየቀ።

ምላሽ 24፣ ያው የአግዳሚውን ሥራ ያስተማረው የምላሽ 13 ጸሐፊ፣ ቀዳዳ እንዳይሰፋ ከለከለ፤ የሰፋ ቀዳዳ ምት ሲመጣ ቡሎኑ እስኪንሸራተት ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካምቢዮው ነው። ሞተር ሲቀየር የካምቢዮው የጎማ መቀመጫ ብዙ ጊዜ በጎን ተወጥሮ ይታሰራል። የመቀመጫውን ቡሎኖች አላላ፣ ሞተሩን አስነስተህ ትንሽ አናውጠውና አጥፋ፣ ካምቢዮው በራሱ ቦታውን ይዞ ሲያርፍ መልሰህ አጥብቅ፤ ከዚያ ለካ። ጠያቂው በማግስቱ ምላሹን እዚያው ሥር አከለ፦ በቀኝ 27፣ በግራ 25። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ቀለበቱን እንዳይነካ በሌላ መያዣ ወደ ጎን አዙሮታል፤ ቡሎኖቹ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አስምሯል፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መነሻዎች በኋላ መስመሩ መዞር አለመዞሩን ሊያይ።